የጠፋችው ጋ

ሸዋዬ አፏን ብትይዝ ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ ነበር። ይህን ሌላ ሰው አይደለም የሚላት፤ እሷው ናት ለራሷ የምትለው፣ እየሳቀችም ቢሆን።

ነገሩ የተጀመረው የወንድሟ ልጅ ፀደንያ ቀለበት ያሰረች ዕለት ነው። የእጮኛዋ የአምሐ እናት፣ ወይዘሮ እናትዓለም፣ ሹም አቦ ሰፈር ባለው የሸዋዬ ቤት ሳሎን ተቀምጠው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ጥልፍ ሲያዩ ቆዩና የማን እጅ እንደሆነ ጠየቁ። ሁለት ርግቦች ናቸው፤ ከሥራቸው «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ጽሑፍ አለ። ሸዋዬ «የኔ ነው» ብላ ዝም ማለት ትችል ነበር። ዝም አላለችም። የዛሬ ልጆች መርፌ መያዝ እንደማያውቁ፣ የመኪና ጥልፍ ነፍስ እንደሌለው፣ የሙሽሪትን የአልጋ ልብስ በገዛ እጇ ጠልፋ እንደምታስረክብ፣ መኪና የሚባል ነገር አጠገቡ ድርሽ እንደማይል ተናገረች። ወይዘሮ እናትዓለም በአክብሮት ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወዲያ ወደ ኋላ ማለት የለም።

እውነቱ ግን ርግቦቹ የተጠለፉት ሸዋዬ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለች ነው። ከዚያ በኋላ እጇ የለመደው እስክሪብቶና ማኅተም ነው፤ በአንድ መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ የሰው ፈቃድና ዝውውር ስትጽፍ ኖራለች። በዚያ ላይ ዓይኗ ደክሟል። መነጽር ታዞላታል፤ መነጽሩም ተገዝቷል፤ ከነማኅደሩ ቦርሳዋ ውስጥ ተኝቷል። ሰው ፊት አታደርገውም። ደብዳቤ ሲመጣላት ክንዷን ዘርግታ ታነባለች፤ ክንዷ ያጠረባት ጊዜ ደግሞ አጠገቧ ያለችውን ሠራተኛ «እስቲ አንቺ አንብቢልኝ፣ ድምፅሽ ደስ ይለኛል» ትላታለች። በቢሮው ውስጥ ድምፅዋ ሸዋዬን ደስ የማይላት ሴት የለችም።

የጉራው ምክንያት ሌላ ነበር። ፀደንያ ከጣናው ደቅ ደሴት በጀልባ የመጣችው ገና ፊደል ልትቆጥር ነው። አባቷ ሀዲስ «ለትምህርቷ ነው እንጂ የኔው ናት» ብሎ ነበር ለእህቱ የሰጣት፤ ልጅቱ ግን እዚሁ ሸዋዬ ቤት አደገች፣ ተማረች፣ መድኃኒት ቤት ሥራ ያዘች። ሸዋዬ አላገባችም። ሰው ብቻዋን ትኖር እንደሆነ ሲጠይቃት፣ «ኧረ ከፀደንያ ጋር ነኝ» የምትል መልስ ነበረቻት። አሁን ያቺ መልስ ልታገባ ነው። ሸዋዬ ይህን ማስቀረት አትችልም፤ አትፈልግምም። የምትፈልገው አዲሱ ቤት ውስጥ የእጇ ሥራ እንዲኖር ነው። ጠዋት አልጋው ሲነጠፍ «እቴቴ የሠራችው ነው» እንዲባል። እሷ እንደ እንግዳ በር አንኳኩታ ከመግባቷ በፊት ስሟ ቀድሟት ገብቶ እንዲቆይ።

መጀመሪያ በእጇ ሞከረች። «መልካም ጋብቻ» ብላ ልትጠልፍ አስባ በቁራጭ ጨርቅ ላይ ስትለማመድ፣ የመጀመሪያዋ መ ሁለት የተረገጡ ቲማቲሞች መሰለች። ፈታችውና እንደገና ጀመረች። ሁለተኛዋ መ የተረገጡት ቲማቲሞች ከበሰሉ በኋላ ምን እንደሚመስሉ አሳየቻት። ጨርቁን አጣጥፋ ግሽ አባይ ሰፈር ወዳለው የመሪየም ሱቅ ሄደች።

መሪየም የክርና የጨርቅ ነጋዴ ናት፤ ከወረታ አግብታ የመጣች። የሁለቱ ወዳጅነት የቆየ ነው፤ አንዷ በሌላዋ ሳትስቅ ተገናኝተው አያውቁም። ከሱቋ ጥግ፣ ከጨርቁ ጥቅል ኋላ፣ ዘመድ ከውጭ ያመጣላት የቤት ስፌትና ጥልፍ መኪና ነበረች፤ ማንም ሊያሠራት ስላልቻለ ካርቶን ይደገፍባታል። ሸዋዬ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጉዷን ነገረቻት። መሪየም ሰምታ ስትጨርስ አልሳቀችም፤ ሳቋን ለሌላ ቀን እንዳስቀመጠችው ግን ከፊቷ ያስታውቅ ነበር። መኪናዋ የአማርኛ ፊደል ስለማታውቅ፣ ዩኒቨርሲቲ የልብስ ዲዛይን የምትማረው የመሪየም ልጅ ሱምያ ፊደሎቹን ኮምፒውተር ላይ ሠርታ በፍላሽ ሰጠቻት። ሸዋዬ መኪናዋን በነጠላ ሸፍና፣ አቅፋ፣ በባጃጅ ወሰደቻት። ባለባጃጁ በሽተኛ የያዘች መስሎት በየጉብታው ላይ ቀስ እያለ ነዳላት፤ ሲያወርዳትም «እግዚአብሔር ይማርልዎ» አላት። ሸዋዬ አሜን አለች።

የዓመት ፈቃዷን ወሰደች። ፀደንያ ለሥራ ስትወጣ መኪናዋ ከጓዳ ትወጣለች፤ ፀደንያ ስትመለስ መኪናዋ ትገባለች። በመካከሉ ያለው ጊዜ የጦርነት ነው።

መኪናዋ ጨርቅ ትበላለች። ከላይ ሲታይ ስፌቱ ደህና ይመስላል፤ ጨርቁ ሲገለበጥ ግን ክሩ እንደ በግ ጠጉር ተድበልብሎ ይገኛል። ሸዋዬ ጥፋቱ ከታች ነው ብላ ወሰነች። የታችኛው ክር የሚጠነጠንባትን ትንሿን ማጠንጠኛ አወጣች፣ አገላበጠቻት፣ መልሳ ከተተቻት። ባሰባት። ክሩ መናኛ ነው ብላ መሪየም ዘንድ ደውላ ተቆጣች፤ መሪየም ሌላ ክር ላከችላት፤ እሱም ተድበለበለ። መብራቱ ነው አለች፤ መብራቱ ሙሉ ሆኖ የዋለ ቀንም ያው ነው። ክር ማጥበቂያውን ስታጠብቀው ክሩ ጧ እያለ ይበጠሳል፤ ስታላላው ስፌቱ ላይ እየተንዘላዘለ ይቀራል። መርፌ ለወጠች፤ አዲሱን መርፌ ፊቱን አዙራ አስገብታው ኖሮ መኪናዋ ጨርሶ መስፋት ተወች። በመጨረሻ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረገች፤ አጥፍታ አበራቻት። መኪናዋ በርታ በማታውቀው ቋንቋ አንድ ነገር ጻፈችላት። ሸዋዬ በሚታወቅ ቋንቋ መለሰችላት፤ ደግነቱ ቤት ውስጥ ሰው አልነበረም።

መሪየም ልትረዳት መጣች። የመመሪያው መጽሐፍ በቻይንኛና በአረብኛ ብቻ ነው። መሪየም ቁርአን የቀራች ናትና መጽሐፉን ተቀብላ አንድ ገጽ ሳትደናቀፍ አንበለበለችው። ሸዋዬ ደስ ብሏት ምን እንደሚል ጠየቀች።

«ማንበቡን ነው እንጂ ትርጉሙን አላውቅም» አለች መሪየም። «ቃሉ ግን ያምራል።»

ስለዚህ ሁለቱም ሥዕሎቹን ማየት ጀመሩ። ከሁሉ ቀድሞ የመጣው፣ ሸዋዬ እስከዚያ ቀን አልፋው የኖረችው ሥዕል፣ ክር ከመግባቱ በፊት ጨርቁን የሚጫነው የመኪናዋ እግር ወደ ላይ ተነሥቶ ያሳያል። ሸዋዬ ሁልጊዜ እግሩን አውርዳ፣ አደላድላ ነበር ክር የምታስገባው፤ ሥርዓት መስሏት። እግሩ ሲወርድ ግን የላይኛውን ክር ቆንጥጠው የሚይዙት ሁለት ሳህኖች ይገጥማሉ፤ ክሩ ውጭ ይቀራል። የሚይዘው የለምና ወደ ታች ወርዶ ይከመራል። ጥፋቱ የሚታየው ከታች ነው፤ ጥፋተኛው ያለው ከላይ ነው። ሸዋዬ ይህን ስትረዳ አፈረች። ይህን ያህል ዘመን የሠራችበት መሥሪያ ቤት ልክ እንዲህ መሆኑን እያወቀች፣ እሷም ስትገስጽ የኖረችው ከታች ያሉትን ነው።

እግሩን አነሡ፣ ክሩን አስገቡ፣ ከመርፌው ሥር የተጠራቀመውን ብናኝ በብሩሽ ጠረጉ፣ ከጨርቁ ሥር ወረቀት አድርገው በመወጠሪያው ክፈፍ ወጠሩት። መኪናዋ «መ»ን ሰፋች። ሁለት ክቦች፣ እንከን የሌላቸው። ሸዋዬ ጨርቁን አገላብጣ ሳመችው።

አንድ አመል ብቻ ቀራት። መኪናዋ የክር መበጠስን የምታይ ትንሽ ዓይን አለቻት፤ ክር ሲበጠስ ቆማ ትጮኻለች። አሁን አሁን ግን ክሩ ሳይበጠስም ትጮኽ ጀመር፤ ጎረቤት ይሰማል። ሱምያ በስልክ ስትጠየቅ፣ የመኪናዋን ዓይን አቧራ ሸፍኖት ስለሆነ እንድትጠርግላት፣ ማስጠንቀቂያውን ግን እንዳታጠፋው ነገረቻት። ሸዋዬ አመስግና ስልኩን ዘጋችና ማስጠንቀቂያውን አጠፋችው። በዓይን ድካም ጉዳይ ሱምያ ምን ታውቃለች።

የአልጋ ልብሱ ቀን ደረሰ። ሸዋዬ ፊደሎቹን አንዱን በወርቃማ አንዱን በቀይ ክር ልታደርግ ስለፈለገች፣ መኪናዋ አንድ ፊደል በጨረሰች ቁጥር ቆማ የሚቀጥለውን ቀለም ትጠብቃለች። «መልካም» አለቀ፤ አማረ። ወርቃማውን ክር አስገብታ «ጋ»ን እንዳስጀመረች ስልኳ ጠራ። ወይዘሮ እናትዓለም ናቸው፤ ጥልፉ እንዴት እየሆነላት እንደሆነ ሊጠይቁ። ሸዋዬ የመኪናዋ ድምፅ እንዳይሰማ ስልኩን ይዛ ወደ ግቢ ወጣችና፣ ሥራው መልካም መሆኑን፣ መርፌው ግን ጣቷን እንደጎዳት እያቃሰተች ነገረቻቸው። እሷ ግቢ ቆማ ስታቃስት ቤት ውስጥ ክሩ በመጀመሪያው ስፌት ላይ ተበጠሰ። መኪናዋ ዓይኗን በትእዛዝ ጨፍናለችና ያለ ክር መውጋቷን ቀጠለች።

ሸዋዬ ስትመለስ መኪናዋ ቆማ ቀይ ክር ትጠብቃለች። እግሩን አነሣች፤ ይህን ተምራለች። ብ ተሰፋች፤ በወርቃማ ቻ ተሰፋች። ቻ እንዳለቀች የግቢው በር ተንኳኳ፤ ፀደንያ ናት። መኪናዋ ወደ ጓዳ ተሸኘች፣ የአልጋ ልብሱ ተጣጠፈ። በማግስቱ ሸዋዬ ዘርግታ፣ ራቅ ብላ አየችው። ቀይና ወርቃማው ያበራል። ያነበበችው የተሰፋውን ሳይሆን ያሰበችውን ነው። በሁለቱ ቃላት መሃል ያለው ክፍተት ትንሽ ሰፋ ያለ መስሏት ነበር፤ ለዓይን ያርፋል አለች።

ሠርጉ ሊደርስ ሲል የሁለቱ ወገን ሴቶች የሙሽሮቹን አልጋ ሊያነጥፉ ተገናኙ። አምሐ የተከራየው ቤት ከሐይቁ ብዙም አይርቅም፤ በመኝታ ቤቱ መስኮት በዛፎቹ መካከል ጣና ይታያል። ወይዘሮ እናትዓለም ዘመዶቻቸውን ይዘው መጥተዋል፤ መሪየም መጥታለች፤ ፀደንያም ለወጉ ወደ ኋላ ቆማለች። ሸዋዬ የአልጋ ልብሱን ራሷ ዘረጋችው። ወይዘሮ እናትዓለም ጎንበስ ብለው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ።

«መልካም ብቻ።»

ሸዋዬ መጀመሪያ ሴትዮዋ ያነበቡት ተሳስተው መሰላት። ከዚያ ተጠግታ አየች። ጋ የለችም። ዕድሜዋን ሙሉ ስትሸሻት የኖረችው «ብቻ»፣ ሰው ሲጠይቃት በፀደንያ ስም የምታባርራት «ብቻ»፣ በቀይና በወርቃማ ክር፣ በሙሽሮች አልጋ ላይ፣ በሰው ሁሉ ፊት ተጋድማለች። ያጋደመቻትም ራሷ ናት። ፊቷ ጋለ። አፏ ግን አልተዘጋም።

ሆን ብላ እንዳደረገችው ተናገረች። «መልካም ጋብቻ» የሚለውን ሁሉም ሰው እንደሚለው፣ እሷ ግን ለልጇ ሌላ ሌላው ቀርቶ መልካም ብቻ እንዲገጥማት ተመኝታ እንደጠለፈችው አስረዳች። ሴቶቹ አጉተመተሙ። አንዷ ይህ እኮ ምርቃት ነው አለች። ወይዘሮ እናትዓለም በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። መሪየም ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ እህ እህ ብላ ሳለች። ሸዋዬ እዚህ ላይ መቆም ነበረባት፤ እሷ ግን ሐሳቡ በጸሎት መካከል እንደመጣላትም ጨመረች።

ወይዘሮ እናትዓለም እንዲህ ያለውን የእጅ ሥራ በደንብ ልየው ብለው የአልጋ ልብሱን አነሡና ወደ መስኮቱ ወሰዱት። ከሐይቁ የሚመጣው ብርሃን በነጩ ጨርቅ በኩል ገባ። ሴትዮዋ ቆሙ፤ ጨርቁን አስጠጉ፤ አራቁ።

«ሸዋዬ፣ እዚህ ጋ ምንድን ነው?»

በሁለቱ ቃላት መሃል፣ ክር የሚባል በሌለበት፣ ከአናቷ እስከ እግሯ በመርፌ ቀዳዳ ብቻ የተሠራች፣ ብርሃን የሚያልፍባት አንዲት ፊደል ቆማለች።

«ጋ ነው» አለች ሸዋዬ።

«እዚህ ጋ ማለቴ እኮ ነው።»

«አዎ። እሷው ናት። ጋ።»

መሪየም ከሱቋ ጀምራ ያስቀመጠችውን ሳቅ እዚህ ላይ አወጣችው። «ሌሎቹ ሁሉ ሲጠለፉ እሷ ብቻ አመለጠች» አለችና ግድግዳ ተደግፋ ተቀመጠች።

እጅ እንዲህ አይሳሳትም። ሰው ክር በሌለው መርፌ አንድ ሙሉ ፊደል ወግቶ አይጨርስም፤ ይህን በክፍሉ ውስጥ ያለች ሴት ሁሉ ታውቃለች። ሸዋዬ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና ሁሉንም ተናገረች፤ የተረገጡትን ቲማቲሞች፣ ባጃጁን፣ የወረደውን እግር፣ የጠፋውን ማስጠንቀቂያ። ለወይዘሮ እናትዓለም ደግሞ ለብቻቸው፣ «ጣቴን አመመኝ ያልሁዎ ዕለት ግቢ ቆሜ ነበር፤ የመኪናዋ ድምፅ እንዳይሰማዎ» አለቻቸው። ከዚያ ወዲያ ቀና ብላ ማየት አቃታት። ስሟ ቀድሟት እንዲገባ ፈልጋ ነበር፤ ገባ፤ ሁለተኛ ግን በምን ፊቷ ይህን በር ታንኳኳለች?

ወይዘሮ እናትዓለም የአልጋ ልብሱን አጥፈው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት።

«እንግዲህ ከተናዘዝን እኔም ልናገር» አሉ። «ያን ዕለት የግድግዳሽን ጥልፍ ሳይ ርግቦቹ ዳክዬ መስለውኝ ነበር። የማን እጅ ነው ያልሁት ሕፃን የሠራው መስሎኝ ነው። አንቺ የኔ ነው ስትይ ምን ልበል? ራሴን ነቀነቅሁ።»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ሸዋዬም ሳቀች፤ እንባዋ ግን ከሳቁ ጋር መጣ፤ ለየትኛው እንደሆነ ማንም አልጠየቃትም። ፀደንያ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።

«መኪናዋን እኮ ከመጀመሪያው ጀምሬ አውቃታለሁ፣ እቴቴ» አለቻት። «ጓዳ ስገባ ክር በክር ሆኜ ነበር የምወጣው። የመጨረሻውን ዕለት ከሥራ ቀደም ብዬ መጣሁ፤ ድምፁ እስኪያልቅልሽ ከበር ውጭ ቆምሁ። ስታበቂ ነው ያንኳኳሁት።»

ለካ እሷ ከልጅቱ ስትደበቅ ልጅቱ ስትደብቃት ኖራለች። ሸዋዬ ቦርሳዋን ከፈተች፣ መነጽሩን ከማኅደሩ አወጣች፣ በሰው ሁሉ ፊት አደረገችው። ዓለም ከነቀዳዳዋ ታየቻት። ጋ አሁን ወለል ብላ ትነበባለች፤ ቀዳዳዎቹ ተዘጋጅተዋል፤ መርፌ በየቀዳዳው ማስገባት ብቻ ነው የቀረው፤ ይህንስ እጇ አያቅተውም። ከመሪየም ወርቃማ ክር ጠየቀች፤ ክር ከመሪየም ቦርሳ አይጠፋም። ክሩን በመርፌው ቀዳዳ በመጀመሪያው ሙከራ አሳለፈችው። ልትጀምር ስትል ፀደንያ እጇን ያዘቻት።

«ዛሬ አይደለም። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ እየመጣሽ ትሠሪዋለሽ።»

«አንዲት ፊደል እኮ ናት፤ ይህን ያህል አትፈጅም።»

«ትፈጃለች» አለች ፀደንያ።

ሠርጉ አልፎ ክረምቱ ገባ። ሸዋዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ትሄዳለች፤ በር ማንኳኳቱን ትታዋለች፤ መነጽሯን አድርጋ መስኮቱ ሥር ትቀመጣለች። የጋ አናቷ አልቋል። ሥራው በጣም የቀናት ዕለት አንዷ ስፌት ጠመመች ትልና ትፈታለች። አምሐ አንድ ጊዜ ይህች ፊደል አሁንም አላለቀችም እንዴ ብሎ ቢጠይቅ፣ ፀደንያ ዝም ብለህ ለእቴቴ ምሳ አቅርብ አለችው።

መሥሪያ ቤት አዲስ የተቀጠረች ልጅ በቀደም ሸዋዬን ብቻዋን ትኖር እንደሆነ ጠየቀቻት። ሸዋዬ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ አወረደችና ቀና ብላ አየቻት።

«ልጆቼ ጋ ያላለቀ ሥራ አለብኝ» አለች።